«እምቢ አለ» የተባለው በርሜል

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰዎች ናቸው «ያውቃል» ያሉኝ። እኔ ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለብኝ፤ ሰው ስለ እኔ መልካም ነገር ሲያወራ አላቋርጠውም።

ነገሩ የተጀመረው በወጣትነቴ ነው። ጽጽቃ ውስጥ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ያስተማርኩት ስፖርት ነው። የእንግሊዝኛው አስተማሪ ታሞ በቀረባቸው ጥቂት ሳምንታት ግን ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን እየገባሁ ልጆቹን «ጉድ ሞርኒንግ» አስብዬ፣ ትንሽ አስነስቼ አስቀምጬ እወጣ ነበር። ከዚያ ሰቆጣ መጣሁና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከስፖርቱ የቀረኝ ነገር የለም፤ ሆዴን ያየ ይመሰክራል። «ቲቸር» የሚለው ስም ግን አብሮኝ ከረመ። ባጃጅ ነጂው የመለዋወጫ ካርቶን ይዞ ይመጣና «ቲቸር፣ ይሄ የፊት ነው የኋላ?» ይለኛል። ጎረቤቴ ከመድኃኒት ጋር የመጣ ወረቀት ዘርግታ «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ትለኛለች። እኔም ወረቀቱን ራቅ አድርጌ፣ ቀረብ አድርጌ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ ካየሁ በኋላ «ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ» እላታለሁ። በዚህ ምክር እስከ ዛሬ የሞተ ሰው የለም።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራውም፤ ገና ጡረታ አልወጣሁም። አንድ ጠዋት ከአንድ ረጂ ድርጅት የተላከ መኪና ግቢያችን ገባና አንድ ትልቅ አረንጓዴ የፕላስቲክ በርሜል አራግፎ ሄደ። በርሜል ስላችሁ ጠላ የሚጠመቅበትን እንዳታስቡ። ይሄኛው ክዳን አለው፣ ከሥሩ ሁለት ጎማ አለው፣ ከኋላው መግፊያ እጀታ አለው፤ ሞተር ቢጨመርለት ወልድያ ይደርሳል። ግንባሩ ላይ በነጭ ቀለም «ሪፊዩዝ ኦንሊ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ አጠገብ አንገት የሌለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ወደ ሣጥን ሲከት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ደብዳቤ አብሮት አልመጣም። ሹፌሩ «ፈርሙ» አለ፤ ፈረምን። እኛ ቤት ምን እንደተቀበሉ ሳያውቁ መፈረም አዲስ ነገር አይደለም።

ግቢውን የምታጸዳው አበሩ መጥረጊያዋን ተደግፋ አንዴ አየችውና «የቆሻሻ ነው» አለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አበሩ እንግሊዝኛ አታነብማ! እኛ ሁላችን ጽሑፉን ስናይ እሷ በርሜሉን ነበር ያየችው።

«ቲቸር፣ ምን ይላል?» አሉኝ ኃላፊያችን አቶ ደባሽ። አቶ ደባሽ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው «ዘመናዊ አሠራር» የሚለውን ነገር ከልጆቻቸው እኩል መውደዳቸው ነው።

«ኦንሊ፣ ‹ብቻ› ማለት ነው» አልኩ ወዲያው። በዚህች እርግጠኛ ነበርኩ።

«ምን ብቻ?»

«አንድ ጊዜ» ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። ከፋይሎቹ ኋላ የደበቅኩት ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አለኝ። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ አገኘሁት። «እምቢ አለ፤ አልቀበልም አለ» ይላል። ከሥሩ ሌላም መስመር ነበረው። ግን ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ መነጽሬ ቤት ቀርቷል፣ ኃላፊውም ፀሐይ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። አንድ ቃል የፈለገ ሰው አንድ ትርጉም ካገኘ ይበቃዋል ብዬ መጽሐፉን ከደንኩ።

«እምቢታ ብቻ፣ ነው የሚለው» አልኩ ተመልሼ።

«የምን እምቢታ?»

እዚህ ላይ «እንጃ» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር። ግን ሠራተኛው በሙሉ አፍ አፌን ያየኛል። «የሕዝብ እምቢታ ነዋ!» አልኩ። «ፈረንጅ አገር ሰው የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት እንደኛ በየቢሮው በር ሲቆም አይውልም። ጽፎ እዚህ ይከትና ወደ ሥራው ይሄዳል።»

«ይሄን ያህል መተለቁስ?»

«እምቢታ ከአስተያየት ይበዛላ።»

«ክዳኑስ?»

«ለምስጢር።»

«ጎማውስ?»

ጎማው ትንሽ አስጨንቆኝ ነበር። «ሲሞላ ወደ በላይ አካል እንዲገፋ» አልኩ።

አቶ ደባሽ ሥዕሉን በጣታቸው ነካ አደረጉና «አዎ! ይሄው፣ ሰውየው ማመልከቻ ሲያስገባ!» አሉ። ይህን እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር። ደስ አለኝ፤ የማላውቀውን ነገር ራሱ በርሜሉ የመሰከረልኝ መሰለኝ።

እንዲህ ቶሎ የተቀበሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በር ላይ የተሰቀለ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነበረን፤ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ተሰብሮ ሲከፈት ሁለት የምስጋና ወረቀትና አንድ የደረቀ እንሽላሊት ተገኘበት። ምስጋናዎቹ የአቶ ደባሽን የእጅ ጽሑፍ ይመስላሉ፤ እኔ ግን የእጅ ጽሑፍ ባለሙያ አይደለሁም። እና አቶ ደባሽ በርሜሉን እየዞሩ አዩት፣ ክዳኑን ከፈቱ ዘጉ፣ በመጨረሻም «ዋናው በር ላይ ይቁም። በአማርኛም ይጻፍበት» ብለው አዘዙ።

የሰቆጣን የሱቅ ጽሑፍ የሚጽፈው አያ ሰይድ ነው። ገበያው ዳር ቀለምና ሚስማር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። በየሱቁ ግንባር ላይ የምታዩት «ስኳር አለ»፣ «ሲሚንቶ አለ»፣ «ቀዝቃዛ ውሃ አለ» የሚለው ሁሉ የእሱ እጅ ነው። እኔም መዝገበ ቃላቱ እንዳለው «እምቢ አለ» ብዬ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሰይድ ምንም አልጠየቀኝም። ስንት ዓመት «አለ» «አለ» ሲጽፍ የኖረ እጅ ነውና በቀይ ቀለም አሳምሮ፣ ከእንግሊዝኛው በላይ አግዝፎ ጻፈው። መጨረሻው ላይ ከራሱ ጨምሮ ቃለ አጋኖ አደረገበት።

እንግዲህ የፊደላችን ጉድ እዚህ ላይ ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «አለ»ን ብታላሉት ተናገረ ማለት ነው፤ ብታጠብቁት ይገኛል ማለት ነው። እኔ አላልቼ ጻፍኩት፤ ከተማው አጥብቆ አነበበው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «እምቢ መጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉኝ። «የሚታደለው በነፍስ ወከፍ ነው በቤተሰብ?»

«እምቢ አይታደልም አባቴ» አልኳቸው። «እርስዎ ነዎት የሚያመጡት።»

«እንዲያ ነው?» ብለው ብድግ አሉ። «እሱማ ከኛ ቤት ሞልቷል፤ ሚስቴም ልጆቼም ሌላ የላቸውም።»

ወሬው ከሰቆጣ አልፎ በሚኒባስ ወጣ። በሳምንቱ ከአምደወርቅ ድረስ ሰው መምጣት ጀመረ። ተማሪዎች ሒሳብን እምቢ ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ የተጠየቀችውን ጋብቻ እምቢ አለችና አባቷ ሽማግሌዎቹን «መልሳችን በርሜሉ ውስጥ ነው» ብሎ ወደ እኛ ሰደዳቸው። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ተራ በተራ አንገታቸውን በርሜል ውስጥ ሲያሰግጉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱ ቀና ብለው «ጨለማ ነው፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየሁትም» አሉኝ። «በርሜሉ የእምቢ ብቻ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። አዝነው ሄዱ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ባርኔጣ ያነሳልኝ ጀመር።

በርሜሉ በየሁለት ቀኑ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። እኔ አቶ ደባሽ ወስደው የሚያነቡት ይመስለኛል። አቶ ደባሽ ደግሞ እኔ መዝግቤ ፋይል የማደርገው ይመስላቸዋል። ሁለታችንም ሥራው እየተሠራ መሆኑን እርግጠኞች ነበርን።

እማማ ሻሼ የመጡት በዚህ መሀል፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ለምሳ ልወጣ ቁልፍ በእጄ ይዤ ሳለ ነው። እማማ ሻሼን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሚኖሩት በንባቸው ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ባለው ዳገት ላይ፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ቀፎዎቻቸው ተደርድረዋል፤ ነጩ ማራቸው ገበያ ሳይወጣ ያልቃል። መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ያንን ቦታ ለመጋዘን ፈልጎታል። «ቀፎዎቹ ይነሱ፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ያቅርብ» የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። በዚያው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። ንብ እንደ ዕቃ አንስተው የሚያዛውሩት ነገር አይደለም፤ በእንዲህ ያለ የደረቀ ወቅት ከቦታው ከነኩት ይኮበልላል። ንቡ ከኮበለለ እማማ ሻሼ በምን እንደሚኖሩ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

እማማ ሻሼ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ገበያ ሄደው በማመልከቻ ጸሐፊ ያስጻፉትን፣ ሦስት ገጽ የሆነ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ፈትተው ዘረጉልኝ።

«ተቀበለኝ የኔ ልጅ» አሉ።

እዚህ ላይ የኔ ሥራ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወረቀቱን መቀበል፣ ማኅተም መምታት፣ ቁጥር መስጠት፣ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። ነገር ግን መዝገብ ቤቱን ቆልፌያለሁ፤ ደግሞም ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው በርሜል አጠገቤ ቆሟል።

«እማማ፣ ተቃውሞ ነው?» አልኳቸው።

«እንግዲህ ምን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው እዚህ ይክተቱት። አዲስ አሠራር ነው። በቀጥታ ወደ በላይ ይሄዳል።»

እማማ ሻሼ በርሜሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «እርግጠኛ ነህ ልጄ? ይሄ ነገር አፉ አላማረኝም» አሉ።

«እኔ እያለሁ ምን አሰቡ!» አልኩና ክዳኑን ራሴ ከፈትኩላቸው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዓርብ ጠዋት ከረጂ ድርጅቱ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ዕቃው እንዴት ሥራ ላይ እንደዋለ ልታይ መጣች። ከበሩ ሳትገባ ቆመች። «ይሄ ሬፊዩስ ለምን ዋናው በር ላይ ቆመ?» አለች።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። እኔም በርኅራኄ ፈገግ ብዬ «እህቴ፣ ‹ሪፊዩዝ› ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳት። አዎን፣ አረምኳት! ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴን በትራስ እሸፍናለሁ።

ልጅቷ ጨዋ ነበረች። «ሁለቱም አለ ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ኋላውን ጫን ሲሉት እምቢ ማለት ነው። ፊቱን ጫን ሲሉት ግን ቆሻሻ፣ የማይፈለግ ጥራጊ ማለት ነው። ይሄ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው።»

ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። በዚያን ቀን መነጽሬ ነበረኝ። ያን ደቃቅ መስመር አነበብኩት፤ «ስም ሲሆን፦ ጥራጊ፣ ውዳቂ፣ ጉድፍ» ይላል። እንግሊዞችም እንደኛው የሚያጠብቁትና የሚያላሉት ነገር አላቸው ለካ! ማን ነግሮኝ? መጀመሪያ ያሰብኩት ከተማው እንዴት እንደሚስቅብኝ ነው። በየት በኩል ተደብቄ ቤቴ እንደምገባ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የእማማ ሻሼ ወረቀት ትዝ ያለኝ። ሮጬ ወደ ግቢው ወጣሁ።

«አበሩ! በርሜሉን የት ነው የምትደፊው?»

«የት እደፋዋለሁ? ቆሻሻ የሚደፋበት ነዋ።»

«ወረቀት አላየሽበትም?»

«ከወረቀት ሌላ ምን ነበረውና? እኔማ ምነው የዚህ ቤት ቆሻሻ ወረቀት ብቻ ሆነ እያልኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

አበሩ መጥረጊያዋን ከግድግዳው አስደገፈች። «የመጣ ዕለት ‹የቆሻሻ ነው› አልኩ እኮ ቲቸር። ከዚያ በላይ ምን ልበል?»

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አበሩን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ገደል በረርን።

የሰቆጣ ነፋስ የሚታወቅ ነው። የአበሩን ክምር ግማሹን በገደሉ ላይ በትኖታል፤ በቀረው ላይ ፍየሎች ተሰማርተዋል። ኮቴን አውልቄ ገባሁበት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የሞተ ባትሪ፣ ከመሀሉ ደግሞ የሕዝቡ እምቢታ። አንዱን አነሳሁ፤ «ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ መኖር እምቢ። ስሜን አልጽፍም፤ አማቴ ማንበብ ትችላለች» ይላል። ሌላው «ሒሳብ እምቢ» ይላል፤ በአንድ እጅ የተጻፈ ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ ደግሞ «እኔ እምቢ የምለው የለኝም፤ ሰው ተሰልፎ ስላየሁ ነው» ይላል። በጥሩ ወረቀት ላይ፣ በጥሩ ብዕር፣ «በሳምንት አራት ስብሰባ እምቢ» የሚልም አገኘሁ። ይሄኛውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ የአቶ ደባሽን የእጅ ጽሑፍ እንኳን እኔ እንሽላሊቱም ያውቀዋል።

አንዲት ወረቀት ላይ ጽሑፍ የለም፤ የጣት አሻራ ብቻ አለ። የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳስመረረው አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ቁጭ አልኩ። ይሄ ሁሉ ሰው እምቢ የሚልበት ቦታ አጥቶ ኖሮ አንድ በርሜል ሲያገኝ አምኖ መጥቷል፤ ያሳመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ማልቀስ ቃጣኝ። አበሩ ግን «ተነስ ቲቸር፣ ፍየሏ ያን ልትበላው ነው» አለችኝና ተነሳሁ። ፍየሏን አሯሩጬ ከአፏ ነጠቅኳት። የብስኩት ካርቶን ነበር።

የእማማ ሻሼ ወረቀት የለም። ከላይ ፈለግን፣ ከታች ፈለግን፤ የለም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አበሩን እዚያው ትቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ያመጣን ባጃጅ ነጂ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። «ቲቸር ሙት፣ በዚህ ሽታህስ እምቢ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ስፖርት ጀመርኩ፤ ዳገቱን በእግሬ ሮጥኩት።

ስገባ ኮሚቴው ተቀምጧል። እማማ ሻሼ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አቶ ደባሽ የኔን መዝገብ ከፊታቸው ዘርግተው «በመዝገቡ መሠረት አንድም ተቃውሞ አልቀረበም» እያሉ ነበር።

«ቀርቧል» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ፤ ወዲያው ደግሞ አፍንጫውን ያዘ።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ። አጭር፣ ቀጭን፣ ደንብ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ቁጥር የለውም። እማማ ሰኞ ዕለት አምጥተውልኝ ሳልመዘግብ በርሜሉ ውስጥ አስጨመርኳቸው። በርሜሉ የቆሻሻ ነው። ቃሉን አላወቅኩትም ነበር።» እማማ ሻሼ ከበሩ ሆነው ያዩኛል። ከሁሉ የከበደኝ የእሳቸው ዓይን ነው። «እንግሊዝኛ አላውቅም» አልኩ። «አውቄውም አላውቅም። ያስተማርኩት ስፖርት ነው።»

አቶ ደባሽ ራሳቸውን ያዙ። ጸሐፊው ግን ሰዓቱን አየና «ያም ሆነ ይህ፣ ማስታወቂያው እስከ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ነው የሚለው። ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። ጽሑፉ የታለ?» አለ።

ማመልከቻ ጸሐፊው ገበያ ነው፤ በስምንት ደቂቃ ሄዶ አይመለስም። ከመዝገቡ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ገነጠልኩና እማማ ሻሼ እግር ሥር በርከክ አልኩ።

«እማማ፣ ምን ነበር ያስጻፉት?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ብዙ ነገር ጻፈ። እኔ እምቢ ነው ያልኩት።»

ስማቸውን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ከሥሩ «እምቢ» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን ከነቀለሙ ከመዝገብ ቤት አምጥቼ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ አስፈረምኳቸው። ማኅተም መታሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ መዝገቡን ከአቶ ደባሽ ፊት ስቤ አሰፈርኩት። ጉዳዩ በሚለው ዓምድ ውስጥ እንዲህ ያጠረ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ጸሐፊው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ምክንያት የለውም» አለ። «ተቃውሞ ምክንያት ያስፈልገዋል።»

እማማ ሻሼ ያን ጊዜ ተነሱ። «ምክንያቱማ በፊተኛው ወረቀት ላይ ነበር» አሉ። «ሦስት ገጽ ሙሉ ምክንያት አምጥቼላችሁ ነበር። ወስዳችሁ ቆሻሻ ላይ የደፋችሁት እናንተ ናችሁ። ፈልጉት።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ጸሐፊው ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ ገለጠ፤ ቆሻሻ ላይ ስለተደፋ ምክንያት የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተባለ፤ የተቃውሞው ምክንያት ከተደፋበት ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ቀፎዎቹ ባሉበት ይቆዩ። ፈላጊ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ገደሉ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። «ፍለጋው ቀጥሏል» ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። በርሜሉ ከበር ተነስቶ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ቆሟል፤ ሰይድ ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ደለዘው። እንግሊዝኛ አላውቅም ብዬ በአደባባይ መናገሬ ምንም አልጠቀመኝም። «ትሕትናው!» አሉና የባሰ ካርቶን ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ አበሩ መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ከመቀነቷ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ገደሉ ሥር ቁልቋል ላይ ተሰክቶ አገኘሁት» አለች። ሦስት ገጽ ነው። ዝናብ አልነካውም፤ በደንብ ይነበባል።

አነበብኩት። ማመልከቻ ጸሐፊው ለሁለት ገጽ ተኩል «በታላቅ ትሕትና» እያለ፣ የማንንም ክብር ሳይነካ፣ ስለ ንብም ስለ ማርም ጽፏል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ይህ ሁሉ ሆኖ የበላይ አካል የሚወስነውን ውሳኔ በደስታ የምቀበል መሆኔን አረጋግጣለሁ።» እማማ ሻሼ እምቢ ጻፍልኝ ብለው ሄደው እሺ ጽፎላቸዋል።

ይህን ወረቀት ብመዘግበው ኮሚቴው በማግስቱ ይቀመጣል። በመስኮቱ በኩል ዳገቱ ይታያል፤ እማማ ሻሼ ጎንበስ ብለው ከቀፎዎቹ ሥር አረም ይነቅላሉ። ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር፤ ወደ መሳቢያው መለስኩት።

«አልቀበለውም» አልኳት አበሩን።

አበሩ እኔን አየች፤ መስኮቱን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና ጭምድድ አደረገችው።

«እንግዲያው ቆሻሻ ነዋ» ብላ ይዛው ወጣች።